እሬት ለደብሪቱ ቤት

እታፈራሁን የበደለቻት ወይዘሮ ደብሪቱ ናት። በደሉም ይህ ነው፤ አዲሱ ቤቷ የእታፈራሁን ቤት ሲጠባ እያየች ዝም አለች።

ነገሩ የሆነው ደሴ ነው፤ ከጦሳ ሥር፣ ዳገቱ ላይ ከተሰቀሉት ሰፈሮች በአንዱ። እታፈራሁ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ሲሞት የቀረላት የጭቃ ቤት ሁለት ክፍል ነበረው፤ በአንዱ ትሰፋለች፣ በአንዱ ትተኛለች። ደብሪቱ አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ ገዝታ በብሎኬት ቤት ልትሠራ ስትነሳ መጣችና፣ «እቱዬ፣ አራተኛውን ግድግዳ ካንቺ ላይ ላስደግፈው? ብሎኬቱ አልበቃ አለኝ» አለቻት። በዚያ ሰፈር ግድግዳ የከለከለ ሰው ለቅሶው ላይ ድንኳን የሚተክልለት አያገኝም። እታፈራሁም፣ «ምን ገዶኝ፣ አስደግፊ» አለች። ሦስቱ ግድግዳ በብሎኬት ቆመ፣ አራተኛው የሷ ሆነ። አዲስ የተወለደ ቤት ደረቷ ላይ አስተኙባት ማለት ነው። ያን ጊዜ ግን ነገሩን በዚህ ዓይን ያየው ሰው የለም።

ቤቱ ጣራውን እንደለበሰ መጥባት ጀመረ። ጠዋት አንዴ፣ ከምሳ በኋላ አንዴ። እታፈራሁ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ድምፁን ሰማችው፤ ምጥጥ፣ ምጥጥ። መጀመሪያ አይጥ መሰላት። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ስታዳምጥ ግን አይጥ አልነበረም። ልጅ ባትወልድም እህቶቿ ሲያጠቡ አጠገባቸው ቁጭ ብላ አድጋለችና የሚጠባ ነገር ድምፅ አይጠፋትም። ሲጠግብ ደግሞ ያገሳል።

ከዚያ ወዲያ ቤቷ እንደ ታጠበ ሹራብ መሰብሰብ ያዘ። መጀመሪያ በበሯ ስታልፍ ሻሿ መቃኑን ነካ። ቀጥሎ ግንባሯ ነካ። አልጋዋ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላ፤ ከዚያ ግድግዳው አልጋውን ይገፋው ጀመር። ልብስ ሰፊ በግምት አትኖርምና ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለካች። ቤቱ ጠቧል። በማግስቱም ለካች፤ የበለጠ ጠቧል። ሜትሩን ጠቅልላ መልሳ አንገቷ ላይ አደረገች።

የደብሪቱ ቤት በበኩሉ ያለ ግንበኛና ያለ አናጢ አንድ ክፍል ጨመረ። ከዚያ ኮሪደር አወጣ። ማዕዘኖቹ ላይ እንደ ሕፃን ክንድ እጥፋት እጥፋት ሠራ። ጡት ነካሽ የሚባል ሰው አለ፤ ጡት ነካሽ ቤት ግን በዚያ ሰፈር የታየው ያኔ ነው።

እታፈራሁ አጥሩ ጋ ሄዳ ተጣራች።

«ደብሪቱ፣ ቤትሽ ቤቴን እየጠባ ነው።»

«አውቃለሁ እቱዬ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ምን ላድርገው፣ ሕፃን ነው። ሲጠግብ ይተዋል።»

«መቼ ነው የሚጠግበው?»

«የሕፃን ሆድ ማን ያውቃል ብለሽ!» አለች ደብሪቱ፤ ሣቀች። ደብሪቱ ግዙፍ ሴት ናት፤ ስትስቅ አጥሩ አብሮ ይነቃነቃል። «ደግሞስ ቢጠብሽ ምን ቸገረሽ? እኔ ዘንድ ስንት ክፍል አለ መሰለሽ። አንዱን እሰጥሻለሁ። ያው ያንቺው ቤት አይደል?»

ይህን ያለችው በፍቅር ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ። እታፈራሁን ያንገበገባትም ይኸው ፍቅሩ ነው። ከራሷ ግድግዳ በተሠራ ክፍል ውስጥ የሰው ጥገኛ ሆና፣ ጠዋት ተነስታ የሰው ደጅ ስትጠርግ፣ ማታ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ስትተኛ ታያት። ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ገባች። ስትገባ መቃኑ ግንባሯን መታት።

ሽማግሌ ጠራች። የሽማግሌዎቹ ዋና ጋሽ ይማም ነበሩ፤ እርቅ በማውረድ የታወቁ፣ ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ ሰው። የተቀመጡት የደብሪቱ ሳሎን ነው፤ የእታፈራሁ ቤት ሰው አይችልም ነበርና። ጋሽ ይማም የጋራውን ግድግዳ በመዳፋቸው ነኩት። ይሞቃል።

«ደብሪቱ፣ ቤትሽ ይጠባል?»

«ይጠባል ጋሼ።»

«እታፈራሁ፣ ግድግዳሽን ያስደገፍሻት ወደሽ ነው ተገደሽ?»

«ወድጄ ነው።»

«እንግዲያማ እናቱ ነሽ። እናት ደግሞ ልጄ ጠባኝ ብላ አትከስም።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለች ጋሼ?»

«ታጠባለች።»

«እስከ መቼ?»

ጋሽ ይማም ሻያቸውን ፉት አሉ። «ጡት እስክታስጥለው» አሉ፤ ሸንጎውም ተነሣ።

ጡት ማስጣያው ምን እንደሆነ ማንም ለእታፈራሁ አልነገራትም፤ መንገርም አያስፈልግም። እናት ጡቷ ጫፍ ላይ እሬት ትቀባለች። ልጁ አንዴ ይቀምሳል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ያለቅሳል፣ ሁለተኛ አይመለስም። እታፈራሁ እንደ ዘመኑ ሰው ላድርግ ብላ መጀመሪያ ከተማ ወረደች፤ መዋቢያ ሱቅ ገብታ የእሬት ሥዕል ያለበት ብልቃጥ አነሣች።

«ለፊት ነው ለጸጉር?» አላት ሻጩ።

«ለግድግዳ።»

«ደረቅ ነው ወዛም?»

«ጭቃ ነው።»

«እንግዲያው ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ጠቀለለላት።

ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ቀባችው። ቤቱ ያን ቀን ከጠዋት እስከ ምሳ ሳይነቀል ጠባ። ደብሪቱ ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ምን አብልተሽው ነው ዛሬ? በረንዳ አወጣልኝ እኮ!» አለቻት።

እታፈራሁ ብልቃጡን ጣለችና ጋሽ ይማም ዘንድ ሄደች።

«መቃብሩ ላይ እሬት ሞልቷል ጋሼ። አንዷን ብወስድስ?»

«እሱ የሙታን ነው። ለነሱ የተተከለ አይነካም። ከዚያ የነቀለ ሰው ቤቱ ይነቀላል።»

«የኔ ቤት እኮ እየተነቀለ ነው።»

«ቢሆንም ቀስ ብሎ ነው» አሏት።

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሽንኩርት ቢላዋዋን ይዛ ራሷ ጦሳን ወጣች። አፈር በሌለበት የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አንዲት እሬት ከእናቷ ሥር በቅላ አገኘች። መዳፍ የማትሞላ፣ ቅጠሏ ወፍራም፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት፣ ጠርዟ እሾህ የሆነ። ማንንም ሳትለምን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላለች። እታፈራሁ ከእናቷ ቆርጣ ስትነቅላት ጣቷን ወጋቻት፤ ደሟ መጣ።

«ጎሽ» አለቻት።

ከእናትየዋ አንድ ትልቅ ቅጠል ቆርጣ ብትወስድ ነገሩ ያን ዕለት ያልቅ ነበር የሚል ይኖራል። አያልቅም። ጡት የሚያስጥል እሬት በአጥቢዋ ደጅ የበቀለ መሆን አለበት። የሌላ ደጅ እሬት ልጁን አያስጥልም፤ ጡቱን ነው የሚያደርቀው። የጭቃ ግድግዳ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሁሉም ያውቃል፤ ይፈርሳል። እሬቷ ማደግ ነበረባት፤ የእታፈራሁም ቤት እሷ እስክታድግ መቆየት ነበረበት።

እታፈራሁ ቶሎ አልተከለቻትም። የተቆረጠው ቦታ እርጥብ ነው፤ በቁስሏ ብትቀበር ትበሰብሳለች። ጥላ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አጋደመቻትና ቁስሉ ቅርፊት እስኪያበጅ ጠበቀች። ደብሪቱ አይታ፣ «ምነው እቱዬ ዝም አልሻት? ልትሞት እኮ ነው!» አለች።

«ቁስሏ ይድረቅ።»

ቅርፊቱ ሲጠና የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አመጣች፤ ታችኛውን በሚስማር ወንፊት አደረገችው። ከመንገድ ጠጠር፣ ከወንዝ አሸዋ፣ ከደጇ አንድ ጭብጥ አፈር ቀላቀለች። ተከለቻትና ቆርቆሮውን ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ የማይለየው የጣራው ጠርዝ ላይ አኖረችው። መሰላል አላስፈለጋትም፤ እጇን ዘርግታ ትደርስበታለች። ከቤቱ ማነስ ያገኘችው ጥቅም ይህ ብቻ ነው።

ጋሽ ይማም በላስቲክ የቋጠሩትን የፍየል በጠጥ ይዘው መጡ።

«አፈሩ ላይ በትኚላት፣ ያፋፋታል።»

«እንድትፋፋ አይደለም የምፈልገው ጋሼ። እንድትመር ነው።»

«መሮ የሚያድገው እንዴት ነው ታዲያ?»

«እንደኛው ነዋ። እየቸገረው።»

በጠጡን ለጎመን አደረገችው። እሬቷን ውሃ የምታጠጣት በስንጥር ወግታ አሸዋው እስከ ታች መድረቁን ስታረጋግጥ ነው፤ ያውም ከንፈር እንደማርጠብ። ብርድ ሲመጣ አልሸፈነቻትም። በሌላ ቀን ከቅጠሏ ጫፍ ትንሽ ቆርጣ በምላሷ ነካች። ኪያር ኪያር ይላል።

«ኪያር ልትሆኚ ነው ከጦሳ ያወረድኩሽ?» አለቻት። «አፍሪ! ከነዚያ ድንጋዮች ጋር ያደግሽ ሴትዮ!»

ይህን ስታደርግ የደብሪቱ ቤት መጥባቱን አልተወም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወደ ማደሪያዋ ልትገባ የመሃሉን በር ስትከፍት ከበሩ ወዲያ ልስን ግድግዳ ብቻ ነበር። አልጋዋ፣ ሳጥኗ፣ የባሏ ካፖርት እዚያው ቀሩ። ከግድግዳው ማዶ ደብሪቱ አዲስ ክፍል አግኝታ ስትዘፍን ይሰማል። እታፈራሁ በሩን መልሳ ዘጋችው። ስፌት መኪናዋን ወደ ደጅ አወጣች፤ ደንበኞቿን ደጅ ላይ መለካት ጀመረች። ማታ ጉልበቷን አጥፋ መሬት ላይ ተኛች።

በዚህ መሃል ወረኢሉ የሚኖሩት አጎቷ ሞቱና ለቅሶ ሄዳ ሰነበተች። ስትመለስ ቆርቆሮው እስከ አፉ ውሃ ሞልቷል። የእሬቷ ቅጠሎች እንደ ተቀቀለ ጎመን ተዘርግተዋል።

ደብሪቱ በአጥሩ ላይ ሆና አየቻት። «ጠምቷት አንጀቴን በላችው። አንቺ እስክትመጪ በየጠዋቱ ሳጠጣት ሰነበትኩ» አለች። በውነቱ ከሆነ ደብሪቱ ተንኮል አስባ ይሁን አዝና ለይቶ የሚያውቅ የለም፤ እሷም አታውቀው ይሆናል።

 እታፈራሁ እሬቷን ነቀለቻት። ሥሯ ቡናማ ሆኖ ይሸታል፣ ሲነኩት ይፈርጣል። የጨርቅ መቀሷን በእሳት ላይ አሳለፈችና የበሰበሰውን ቆረጠች። አሁንም ውስጡ ጠቁሯል። ጨምራ ቆረጠች። ነጭ ሥጋ እስኪመጣ ድረስ ቆረጠች፤ በመጨረሻ የቀረችው ሥር የሌላት፣ አራት ቅጠል ያላት ጉንቁል ናት። ወገቧን በክር አሥራ ከጣራው ጠርዝ ላይ ቁልቁል ሰቀለቻት። አፈር የለ፣ ውሃ የለ፤ ነፋስ ብቻ።

ጋሽ ይማም በዚያ ሲያልፉ ቆመው አዩዋት። «አብሽሪ፣ ሌላ ታመጫለሽ» አሉ።

«ሌላ አላመጣም። ይቺው ትመራለች።»

«ሞታለች እኮ ልጄ።»

«እኔም ቤቴ አልቋል ይሉኛል» አለች እታፈራሁ፤ ስፌቷን ቀጠለች። ያን ሰሞን የምትተኛው እግሯ ከበሩ ውጭ አድሮ ነበር። እግሯ ላይ ጆንያ ትጥልበታለች።

እሬቷ ተንጠልጥላ ቆየች። ቅጠሏ ሳሳ፣ ጠርዟ ቀላ፣ ኋላም መላ አካላቷ የጡብ መልክ ያዘ። አንድ ጠዋት እታፈራሁ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ከተቆረጠው ቦታ ነጭ ሥር ወጥቶ አየች፤ እንደ መስፊያ ክር የቀጠነ፣ አየሩን የሚዳብስ። ስትጠጋው ወደ እሷ ዞረ። መልሳ በጠጠሩ ውስጥ ተከለቻት። ከዚያ በኋላ እሬቷ አላማረችም፣ አልተለቀችም፤ ጠንክራ ጠቆረች እንጂ። ከጎኗም አውራ ጣት የምታህል ቡቃያ አወጣች። እታፈራሁ ከቅጠሏ ጫፍ ቆርጣ ምላሷ ላይ ስታደርግ አፏ ተሳሰረ፤ ቀሚስ ልትወስድ የመጣች ደንበኛዋ ሰላምታ ብታቀርብላት መመለስ አቅቷት እጇን ብቻ አወዛወዘች። ሴትዮዋ ተቆጥታኛለች ብላ ሄደች። እታፈራሁ ግን ደስ ብሏት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ የደብሪቱ ቤት ከእንቅልፉ ሳይነሣ፣ የታችኛውን ትልቁን ቅጠል ከሥሩ ገነጠለች። ቢጫ ውሃው ተንጠባጠበ። በጨርቅ ተቀብላ የጋራውን ግድግዳ ቀባች። አንድ ቅጠል በቃት፤ ግድግዳው ከመቀነቷ ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ነበርና። ከዚያ ውጭ ወጥታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ የሰው ሱሪ እግር ታጥፍ ጀመር።

ምጥጥ አለ፤ አንዴ።

ዝም አለ።

ከዚያ ቤቱ አለቀሰ። ቤት ሲያለቅስ እንዲህ ነው፤ በሮቹ በሙሉ አንድ ላይ ይከፈታሉ፣ አንድ ላይ ይዘጋሉ፤ ቆርቆሮው ይንዘፈዘፋል፤ በቧንቧው ሁሉ ውሃ ይወርዳል። ሰፈሩ ወጥቶ ቆመ። አንዳንዱ፣ «ምነው እታፈራሁ፣ ትንሽ ብታጠቢው?» አላት። እታፈራሁ ተነሥታ ገባች፤ መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች። ከወዲያ በኩል የሆነ ለስላሳ ነገር መዳፏን ፈልጎ ተጫናት።  እርጥብ ጨርቅ አነሣች፤ እሬቱን ልትጠርግ። እናቶች ሁሉ የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። ጨርቁን ጨምቃ አሰጣችውና የሱሪውን ሌላኛውን እግር ማጠፍ ቀጠለች።

ቤቱ ሲያለቅስ ዋለ፤ ሲያለቅስ ሰነበተ፤ ከዚያ ተወው። የእታፈራሁ ቤት መጥበቡን አቆመ። የተጠባው ግን አልተመለሰም። ጎንበስ ብላ የምትገባበት፣ ቁጭ ብላ የምትሰፋበት፣ ተጠቅልላ የምትተኛበት አንድ ጎጆ ቀረላት። ቁልፉ በመቀነቷ ነው።

ደብሪቱ ለጥቂት ጊዜ አልታየችም። ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ አራት ቀሚስ በክንዷ ይዛ መጣች። እታፈራሁ ልብስ ሰፊ ናትና ቀና ሳትል ገና ከጫፉ ገባት፤ የደብሪቱ ቀሚስ መሬት ይጠርጋል። እጅጌው ጣቶቿን ውጧል። ነጠላዋ ሦስት ጊዜ ዞሯታል። ደብሪቱ ጎንበስ ሳትል በእታፈራሁ በር ገባች።

«እቱዬ፣ ልብስ ላሳጥር ነበር።»

«የትኛውን?»

«ሁሉንም።»

እታፈራሁ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ትከሻዋን ለካች፣ ወገቧን ለካች። 

«ቤቱ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሯል» አለች ደብሪቱ። ድምፅዋም ቀጥኗል። «ገና ጋደም ስል ግድግዳው ይጠጋኛል። እምቢ ስለው ያለቅሳል። ሲያለቅስ አልችልም።»

«ወፍሯል?»

«ትናንት ፎቅ ጀመረ።»

«ጥሩ ነው።»

«ከዚያች እሬት አንድ ቅጠል ስጪኝ እቱዬ፤ ገላዬን ልቀባው። ባለፈው ያጠጣኋትን ውሃ ይቅር በይኝ።»

«የኔ ቅጠል አያስጥልልሽም። አንቺን ነው የሚያደርቅሽ።»

ደብሪቱ ይህን ታውቃለች፤ ሴት ናትና። ማልቀስ ፈለገች፤ ግን በበሩ በኩል ዞር ብላ አየችና ዋጠችው። ቤቷ ከነበረበት አንድ እርምጃ ወደ ታች ወርዷል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መጋረጃው ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ወደ ውጭ ይነፋል። መድረኩ እርጥብ ነው። ለስላሳ ድምፅ ያሰማል፤ ልጅ እናቱን በዓይኑ ሲያጣ የሚያሰማውን።

እታፈራሁ ወደ ጣራው ጠርዝ እጇን ዘረጋች። ቆርቆሮውን አወረደች። ከትልቋ እሬት ጎን የበቀለችውን ቡቃያ በመቀሷ ለየቻት፤ ቁስሏ እርጥብ ነው። በደብሪቱ መዳፍ ላይ አኖረቻት፤ አውራ ጣት የምታህለው ቡቃያ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር ሞላችው። ከበሩ ማዶ ቤቱ ሌላ አንድ እርምጃ ቀረበ። ያኔ እታፈራሁ እንዲህ አለቻት፦

«ይቺ እስክትመር ድረስ አንቺው አጥቢው።»